ከኮምፔንሳቶው ማዶ ያለችው ቀስት

ጥቅምት 4

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው። የሱቄ በር ሲከፈት ከመጮኹ በቀር እሱም ደህና ነው። ደህና ያልሆነው አንቺ የላክሽልኝ ዕቃ ብቻ ነው።

ክስ ልመሠርትብሽ ስለሆነ ጠበቃ ያዢ። አጎቴ አርጅቷል፣ ገመድ እየጎተተ አይንገላታ ብለሽ ገመድ አልባ ማውስ ላክሽልኝ። ተቀበልኩ፣ መረቅኩሽ። ከዚያስ? የት ልሰካው? አገላብጬ አየሁት። ሆዱ ላይ ትንሽ ክዳን አለችው፤ ብከፍታት ባዶ መሰለችኝ። ካርቶኑን አራገፍኩ። በሰው ሁሉ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ወደቀ፣ በእኛ ብቻ የለም። አንድ የሬዲዮ ድንጋይ ገዝቼ ከተትኩበት። ምንም። መታ መታ አደረግኩት። ምንም። ጠረጴዛው ላይ ወዲያ ወዲህ ነዳሁት፤ ቀስቷ ስክሪኑ መሃል ቆማ ታየኛለች፣ እንደ ኮረፈ ደንበኛ።

ፀጉር አስተካካዩ ለበሩ ማስታወቂያ ሊያሠራ መጥቶ ጉዴን አየ። «ጋሼ፣ እያሻሸህ ምን ትለምነዋለህ?» አለኝ። እስከ ዛሬ ሰፈሩ ውስጥ ሰው ላይ የምቀልደው እኔ ነበርኩ፤ ይኸው አንቺ ለሰው መቀለጃ አደረግሽኝ።

ለምን አልደወልክም እንዳትይኝ። በእኔና በእንጀራ አባትሽ በባለ ካሜራው ሱቅ መሃል ያለው ግድግዳ ስስ የኮምፔንሳቶ ጣውላ መሆኑን ታውቂያለሽ። እሱ ሲያስል የእኔ ቀለም ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። እሱ የማይሰማው ወሬ ሲያምረኝ በኢሜይል እጽፋለሁ።

የምትሄጂበት መንገድ አይዳጥሽ፣ የያዝሽው ሥራ ይስመርልሽ፣ ቶሎ መልሺልኝ።

አጎትሽ ባለ ቀለሙ


ጥቅምት 9

ለማከብርህ አጎቴ፣

ጤናህን አብዝቶ ይስጥህ። «አንቱ» ስልህ «ቀበርሽኝ እኮ» ስለምትል አሁንም «አንተ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ ሰው ካየው ጥፋቱ ያንተ ነው።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ረሳኸው መሰለኝ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፍቼ «ማውሴ አልሠራ አለኝ» የሚል ሰው ሳጽናና ነው የምውለው። አንተንም እንደነሱ ላስተናግድህ። ውድ ደንበኛችን፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።

ድንጋዩን የከተትክበትን ክዳን እንደገና ክፈተው። ከድንጋዩ ጎን ጥፍር የምታክል ነገር ተሸጉጣለች። መቀበያ ትባላለች። በጥፍርህ ስበህ አውጣትና የኮምፒውተሩ ዩኤስቢ ላይ ሰካት። ከዚያ ከማውሱ ሥር ያለችውን ማብሪያ ወደ ላይ ግፋት፤ ቀይ መብራት ታያለህ። ቀስቷ መዝለል ካበዛች ጠረጴዛህ ላይ ያለው መስታወት ነው፤ ብርሃኑ ያልፍበታል፤ ወረቀት አንጥፍበት። ጥቂት ሳትነካት ከቆየህ ደግሞ ትተኛለች። አልተበላሸችም፤ ድንጋይ እየቆጠበች ነው። አንዴ ጫን ስታደርጋት ትነቃለች።

ችግርዎ ተፈቷል? ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?

አንድ ነገር ብቻ። ስለ ጎረቤትህ አንድ መስመር ጽፈሃል። ሁለተኛ እንዳትጽፍልኝ። ማሳሉንም እንዳልሰማ።

የእህትህ ልጅ


ጥቅምት 12

ለወይዘሪት ችግር ፈቺ፣

ሰላምታዬ ደጃፍሽ ድረስ ይምጣልሽ። ጥፍር የምታክለዋን አገኘኋት! ሰካኋት፣ ማብሪያዋን ገፋሁ፣ ቀስቷ ብድግ ብላ ስትሮጥ «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። ከማዶ ሳሉ ቀጥ አለ። መስታወቱ ላይም ጋዜጣ አነጠፍኩ። እንቅልፏን በተመለከተ ግን አልፈርድባትም፤ እኔም ካልነኩኝ እተኛለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ለእኔ አይደለም፣ ለአንድ ወዳጄ ነው። ወዳጄ ከኮምፒውተሩ ምን ያህል ርቆ ቢቀመጥ ነው ማውሱ የሚታዘዝለት? መሃል ላይ ግድግዳ ቢኖርስ? ግድግዳው ስስ ቢሆን፣ እንበል ኮምፔንሳቶ ቢሆን? ጥፍሯን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካት፣ ያም ኮምፒውተር የራሱ ማውስ ቢኖረው፣ ሁለቱ ይጣላሉ ወይስ ተስማምተው ይኖራሉ? ስትሰካስ ድምፅ ታሰማለች? ወዳጄ በጣም ጠያቂ ሰው ነው።

የመብራት መስመራችን ከማዶኛው ጋር አንድ ስለሆነ ኮምፔንሳቶው ላይ ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። ክንድ ያሳልፋል። ይህን ለምን እንደነገርኩሽ አላውቅም፤ እጄ ላይ መጣ፣ ጻፍኩት።

ትናንት ደግሞ እናትሽ በሕይወት ሳለች ትልቁ ፎቶዋ ተሰቅሎበት የነበረው መስኮት ላይ የማላውቃት ሙሽራ ተሰቅላ አየሁ። ስለ ሰውየው አትጻፍ ብለሽኛል። እኔም የጻፍኩት ስለ መስኮቱ ነው።

ክፉ አይንካሽ።

አጎትሽ


ኅዳር 6

አጎቴ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን።

የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ውሸቴን ነው፤ አልበዛብኝም። ደብዳቤህን አነበብኩና ዘጋሁት። ስለ መስኮቱ ባትጽፍልኝ ይሻል ነበር።

ለወዳጅህ እንዲህ በለው። የአንድ መለስተኛ ሱቅ ስፋት ያህል ርቆ ቢቀመጥ ይታዘዝለታል። ስስ እንጨት አያግደውም፤ ብረት ነው የሚያደክመው። ሁለት ማውሶች አይጣሉም፣ አንዲቷን ቀስት ይጋራሉ። አንዱ ሲገፋት ሌላው ራሱ የገፋት ይመስለዋል። ስትሰካ ኮምፒውተሩ ድምፅ ያሰማል፤ ስለዚህ ጠፍቶ ሳለ ብትሰካ ይሻላል።

ሥራ ቦታዬ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥመኝ ለአለቃዬ አስተላልፈዋለሁ። አንተን ለማንም አላስተላልፍህም።

ለወዳጅህ ግን አንድ ምክር አለኝ። ብዙ እንዳይገፋ። ብዙ ከገፋ ሰውየው ዕቃው ተበላሸ ብሎ ያሠራዋል። ጥቂት ብቻ። ፎቶ ላይ ቅንድብ ሲያስተካክል፣ ከንፈር ሲያጠራ፣ ትንፋሽ ታህል። የገዛ እጁ የከዳው እስኪመስለው።

ደህና ሁንልኝ።


ኅዳር 10

ለጨካኟ አለቃዬ፣

ወዳጄ ከፍ ያለ ሰላምታ ያቀርብልሻል። ወዳጄ እኔ ነኝ። ደንግጠሽ እንዳትወድቂ።

ጠዋት እሱ ሳይገባ ክንዴን እስከ ክርኔ በቀዳዳው አስገባሁ። የኮምፒውተሩ ጀርባ ኮምፔንሳቶውን ተደግፎ ነው የሚቆመው። ጥፍሯን በዳበሳ ሰካኋት። እጄ ሲወጣ የሸረሪት ድር ጓንት ለብሶ ወጣ። ለራሴ ሥራ የድሮውን ባለ ገመድ ማውስ መለስኩ፤ ያንቺ ስጦታ ለሱ አገልግሎት ዋለ።

ስክሪኑን እንዴት ታየዋለህ አትይኝም? ትዝ ይልሽ እንደሆነ ደንበኞቹ ፀጉራቸውን የሚያበጥሩበት ትልቅ መስታወት ከፊት ለፊት ግድግዳው ላይ አለ። በቀዳዳው አጮልቄ መስታወቱን አየዋለሁ፣ መስታወቱ ደግሞ ስክሪኑን ያሳየኛል፣ ተገልብጦ። ሌላ ሰው ቢሆን ይዞርበት ነበር። እኔ ግን የሱቅ መስኮት ላይ ከውስጥ በኩል ፊደል ገልብጬ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። እጄ ብቻ መጀመሪያ ግራ ስለው ቀኝ እያለ አስቸገረኝ።

የመጀመሪያው ሰለባ አንድ ሹፌር ነው። ባለ ካሜራው ለጉርድ ፎቶው ጢሙን ስክሪኑ ላይ ጠርዝ ጠርዙን እያጠራለት ሳለ ትንፋሽ ታህል ገፋሁ። ግማሹ ጢም ሄደ።

«ኧረ ምን ነካህ ወንድሜ፣ ጢሜን!» አለ ሹፌሩ።

«ይቅርታ፣ ማውሱ ነው።»

«ማውስ ደግሞ ጢም መላጨት ከመቼ ጀመረ?»

ምላሴን ነክሼ ነው ሳቄን የያዝኩት። በማግስቱ አዲስ ማውስ ገዝቶ መጣ። ጠረጴዛውን በስፖንጅ ወለወለ። ወንበሩን ቀየረ። እኔም እዚያው ነኝ። «ይህቺ ለመስኮቱ» እላለሁ በሆዴ፣ ገፋ። «ይህቺ የእናትሽ ፎቶዎች ተቃጥለዋል ላልካት ልጅ» ገፋ። «ይህቺ ደግሞ ያቃጠልካቸውን ፎቶዎች ስጠይቅህ በሳምንቱ ኮምፔንሳቶ ላቆምክብኝ» ገፋ።

ዛሬ አንዲት እናት ከነልጆቿ ስትመጣ ምን ሲላት ሰማሁ መሰለሽ? «ዛሬ እጄ ደህና አይደለም። ሌላ ቀን ይምጡ።» በዕድሜዬ እንዲህ የጣፈጠኝ ንግግር የለም።

አንድ ጥያቄ፦ ቀስቷ ከዳር ዳር ለመድረስ ትንቀረፈፍብኛለች። ምን ላድርጋት? ድንጋዩስ ምን ያህል ይቆያል?

እጅሽ ይባረክ፤ የሱን አልልም።

አጎትሽ


ኅዳር 11

አጎቴ፣

ድንጋዩ ብዙ ወር ይቆያል፤ ስትዘጋ ማብሪያውን አጥፋ። ከምትሽከረከረዋ ጎማ ኋላ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ቀስቷን ታፈጥናታለች። የደንበኛ መስተንግዶው እዚህ ላይ አበቃ። አሁን እኔ ልናገር፣ አንተ ስማኝ።

ጢም አትላክልኝ። ስትስቅበት፣ ሰው ስታስቅበት አትጻፍልኝ። እኔ የምጠብቀው ሌላ ነው።

እማዬ ከሱ ካሜራ በቀር ለማንም ፊቷን አትሰጥም ነበር። «የባለሙያ ሚስት ነኝ፣ በስልክ አታንሱኝ» ትል ነበር፤ ታስታውሳለህ። ስለዚህ ፊቷ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። እኔ ያለኝ ሁለት ጣቷ ነው። ለትምህርት ቤት መታወቂያ ያነሣኝ ጉርድ ፎቶ ላይ ኮሌታዬን ስታስተካክል ጣቶቿ ገብተዋል። የቀረውን እሱ ቆርጦታል፣ ለመታወቂያ አይሆንም ብሎ።

ለሥራ ከሰፈሩ ለመሄድ ስነሣ ሱቁ ገብቼ አንድ ፎቶ ብቻ ብዬ ለመንኩት። «ተቃጥሏል፣ ዲስኩ ተቃጥሏል» አለኝ። ያን ሲል ስክሪኑ ላይ ፎልደሩ ተከፍቶ ነበር። ከፎቶዎቿ አንዱን አየሁት፣ አጎቴ። በዓይኔ። እሱ ቀስቷን ወደ ጥጉ ወሰዳት፣ ጫን አደረገ፣ ተዘጋ። ፊቴ ላይ የተዘጋብኝ በዚያች ቀስት ነው። የፎልደሩ ስም «የኔ» ይላል። ከዚያ ወዲያ የሰው ቀስት ሳስተካክል በዋልኩ ቁጥር እሷ ናት የምትታየኝ።

ላንተ ያልነገርኩህ ያን ዕለት ኮምፔንሳቶውን በመጥረቢያ ትገባበታለህ ብዬ ነው። አሁን ግን የተሻለ መሣሪያ ይዘሃል።

በማውስ ብቻ ፎቶውን ልትልክልኝ አትችልም፤ አልጠይቅህም። የምጠይቅህ ይህን ነው። ደንበኛ የሌለበት ሰዓት ጠብቅ። «የኔ» የሚለውን ፈልገህ ክፈተው። ፊቷን ስክሪኑን ሙሉ አድርገህ አውጣበት። እንደኔ ይየው፣ መዝጋት ሳይችል። ሊዘጋው ሲል ቀስቷን ንጠቀው።

ከዚያ ፊቱ ምን እንደሚመስል ጻፍልኝ።


ኅዳር 23

ለእህቴ ልጅ፣

እንዴት ከረምሽ። እኔ እንጃ።

ዲስኩ ተቃጥሏል ሲል አምኜው ነበር፤ ደህና አድርጎ ባለመጠበቁ ነበር የተጣላሁት። መዋሸቱን ከደብዳቤሽ ሳውቅ ያዘዝሽኝን ለመፈጸም አላንገራገርኩም።

አመሻሽ ላይ ደንበኛው ሁሉ ሄዶለት ጣቶቹን እያሻሸ ተቀምጦ ነበር። ቀስቷን ነዳኋት። «የኔ» የሚለውን ተገልብጦም ቢሆን አነበብኩት። ሁለቴ ጫን፣ ተከፈተ። ሁለቴ ጫን፣ እህቴ ስክሪኑን ሞላችው። አፏን ከፍታ፣ መዳፏን ወደ ካሜራው ዘርግታ፣ «በቃ አታንሣኝ» ስትል። ድምፅዋ የተሰማኝ መሰለኝ።

እንደሚዘል፣ እንደሚሳደብ፣ ቀስቷን እንደምንጠቀው አስቤ ተዘጋጅቼ ነበር። አልነካትም። እጁን ከማውሱ ላይ አነሣና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ቀስቷ ጉንጯ ላይ ቀርታ ነበር። እኔ ደግሞ ደስ አላለኝም፤ ከፊቷ ላይ ገለል አደረግኳት። እጁ ጭኑ ላይ ሆኖ ቀስቷ ስትሄድ አያት።

ከዚያ ተናገረ። ግድግዳው ስስ ነው አላልኩሽም? ሁሉንም ሰማሁት።

«አንቺ ነሽ እንዴ እጄን የያዝሽው?» አላት።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለና «ተቆጥተሽ ነው አይደል? ለልጅቷ ስለከለከልኩ ነው?» አለ። «አላቃጠልኩሽም እኮ። ላይሽ ሳልችል ቀርቼ ነው። ለሰው ስሰጥሽ ያለቅሽብኝ መስሎኝ ነው።»

ፊቱ ምን እንደሚመስል ጻፍልኝ ብለሽኛል። የሚመስለውን ነገር አላገኘሁለትም። ማብሪያውን አጠፋሁና ጨለማ እስኪሆን ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ሱቁን አልከፈተም።

አጎትሽ


ኅዳር 24

አጎቴ፣

አነበብኩት። ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ አንድ ሰው ጆሮዬ ላይ «ሄሎ፣ አለሽ?» እያለ።

«ላይሽ ሳልችል ቀርቼ ነው» አለ? የኔ ዓይን ግን ይችል ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

ደብዳቤህ መጨረሻው ላይ ቀዘቀዘብኝ። አውቅሃለሁ፤ ስትቀልድ ቆይተህ ሲመርህ ትሸሻለህ። እንዳትሸሽ። እማዬ ናት የያዘችኝ ብሎ ካሰበ ያስብ። ልክ ነው ያሰበው፤ በሷ ፋንታ የያዝነው እኔና አንተ ነን። ፎቶዋ እጄ እስኪገባ ጥፍሯን እንዳትነቅላት። ከነቀልካት ዳግመኛ አልጽፍልህም።

ሌላ የምረዳህ ነገር የለም።


ታኅሣሥ 2

ለልጄ፣

ቁጣሽም ደህንነትሽን ይናገራልና ተመስገን።

አልነቀልኳትም። ትእዛዝሽን አክብሬ ነው ብል ደስ ይልሽ ነበር፤ ግን ክንዴን ወደዚያ ቀዳዳ መላክ ስላቃተኝ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ባለ ካሜራውን መንገድ ላይ አግኝቶት ነበር። ቀኝ እጁን በሻርፕ አንጠልጥሎ ይሄዳል አለኝ። ሐኪም ዘንድ ሄዶ እጁ ምንም የለበትም ተብሏል። እንዴት ይገኝበታል? በሽታው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ፀጉር አስተካካዩ እኔን ይጠይቀኛል! እኔም ቀለም ማማሰል ጀመርኩ።

እንዳትሳሳቺ፣ አልማርኩትም። የእህቴን ፊት ለራሱ ብቻ ደብቆ ልጇን በሁለት ጣት ሸኝቷታል። ቅጣቱ አልበዛበትም። የበዛው በእኔ ላይ ነው መሰለኝ፤ በየቀኑ ቀዳዳው አጠገብ ስቀመጥ እኔም ከሱ ጋር ተቀጥቼ እውላለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሱቁን ከፈተ። ማተሚያው ሲያንጓጓ ሰማሁ። ብዙ ቆየ። አንዱን ያትማል፣ ይቀድዳል፣ ደግሞ ያትማል። በቀዳዳው አላየሁም። ማውሷን ግን ጋዜጣው ላይ አውጥቼ አበራኋት። ጥፍሯን ልነቅል እያሰብኩ ማውሷን አበራሁ፤ ልማድ ክፉ ነው። ስንት ጊዜ ልግፋ ብዬ እጄን ጫንኩባት፣ አልገፋሁም። ማተሚያው ዝም ካለ ቆይቷል።

አሁን ማንን እንደማማክር አላውቅም። ስለ አንቺ አንቺኑ ላማክርሽ፦ ጥፍሯን ብተዋት የሰውየውን እጅ በልቼ እኖራለሁ፤ ብነቅላት አንቺን አጣለሁ። አንቺን ባጣ ደግሞ የእህቴ የሆነ…

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ። ፀጉር አስተካካዩ ይሆናል፣ ማስታወቂያው አልደረቀም ልበለው።

እሱ አይደለም።

ኮምፔንሳቶው ከቆመ ወዲህ ይህን ደጃፍ ረግጦት አያውቅም። በሱቄ በር መስታወት ላይ እኔው በቀይ ቀለም «ይግቡ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ፊቱ ከፊደሎቹ መሃል ይታየኛል። ቀኝ እጁ በሻርፕ ታስሯል። በግራው ብብት ሥር አንድ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል፤ ጥጉ ላይ ጨርቁ ተከፍቶ የፍሬሙ እንጨት ይታያል። በክርኑ ነው የሚያንኳኳው።

«ባለ ቀለሙ፣ አለህ?» ይለኛል። በዚህ ስም ሲጠራኝ ከስንት ጊዜው ነው። «በአንድ እጄ ስለያዝኳት እንዳትወድቅብኝ፣ ክፈትልኝ እባክህ። ለልጅቷ ናት።»

ማውሷ ፊት ለፊቱ ጋዜጣው ላይ ቀይ መብራቷን እያበራች ተቀምጣለች። ልደብቃት ብዬ ቀኝ እጄን ብጭንባት መልሶ አልነሣ አለኝ። ይህን የምጽፍልሽ በግራ እጄ ብቻ ነው።